እንጀራ መቼ ልጀምር? ከጨጓራ ማሳነሻ ኦፕራሲዮን በኋላ የአበላል መመሪያ

ጨጓራውን አሳንሶ ወደ ባሕር ዳር የተመለሰ ሰው ስልኬን ካገኘ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «እንጀራ መቼ ነው የምበላው?» አንዳንዱ ገና የሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ነው የሚደውለው። እኔ ኦፕራሲዮኑን የተሠራሁ ሰው እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ግን መልሱ ሁሌም አንድ ስለሆነ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

አጭሩ መልስ፦ አብዛኛው ሰው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ካለፈው በኋላ ነው፣ ያውም በጣም ትንሽ። እስከዚያ ያሉት ደረጃዎች ከታች አሉ፣ አንዱን ዘላችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። የሠራችሁ ሐኪም የሰጣችሁ ወረቀት እዚህ ከተጻፈው ከተለየ ወረቀቱን ስሙ። እሱ ውስጣችሁን አይቷል፣ እኔ አላየሁም።

ለምን በደረጃ?

«ስሊቭ» በሚባለው ኦፕራሲዮን የጨጓራችሁ ሦስት አራተኛ ወይም ከዚያ በላይ ተቆርጦ ይወጣና ጠባብ ቱቦ ብቻ ይቀራል። «ባይፓስ» ከሆነ ደግሞ ከላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ትቀርና በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች። በሁለቱም ስፌቱ እስኪጠና ሳምንታት ይፈጃል፣ ውስጡም ያብጣል። ያበጠ ጠባብ ቦታ ላይ ጠጣር ነገር ከላካችሁ ወይ ይቀረቀራል፣ ወይ ያስመልሳል፣ ሲከፋ ስፌቱን ያስጨንቃል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የቡና ስኒ፣ የሻይ ማንኪያና የራሳችሁ ትንሽ ሰሃን። ከትሪ ጋር ለጊዜው ተሰነባበቱ።
- ቁጥር ያለው የሕፃን ጡጦ። ስኒያችሁ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚይዝ አንዴ ለክታችሁ እወቁ፣ ስኒ ሁሉ እኩል አይደለም።
- ሦስት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ።
- ብሌንደርና ወንፊት። መብራት ሲጠፋ ወንፊቱና የማንኪያው ጀርባ ብቻቸውን ይበቃሉ።
- የአጃ ዱቄት፣ በርበሬ የሌለው ነጭ ሽሮ፣ ቅባቱ የወጣለት ዱቄት ወተት።
- እንቁላል፣ አይብ፣ ስኳር የሌለው እርጎ፣ ቀረሶ አሳ።
- ሐኪም ያዘዘላችሁ ቫይታሚኖች፤ ለመጀመሪያው ጊዜ የሚታኘክ ወይም ፈሳሽ ቢሆን ይሻላል።
- የኦፕራሲዮኑ ወረቀት ፎቶ ስልካችሁ ላይ። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

1. የመጀመሪያው ሳምንት፦ ውሃ መጠጣት

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚፈቀደው ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ነው። ውሃ፣ ስኳር የሌለው ቀጭን ሻይ፣ ቅባቱ ተገፎ የተጠለለ የዶሮ ወይም የአጥንት መረቅ። «ይሄማ ቀላል ነው» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ድሮ አንድ ብርጭቆ ቀጥ አድርጎ የሚጨልጥ ሰው አሁን ሁለት ጉንጭ ሲደራርብ ደረቱን ቀስፎ ይይዘዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠዋት አንዷን ሃይላንድ ሙሏት። አንድ የሻይ ማንኪያ ወይም አንድ ትንሽ ጉንጭ ውሰዱ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ አርፉ፣ እንደገና ውሰዱ። በሰዓት 100 ሚሊ ሊትር ያህል ከሄዳችሁ አንዷ ሃይላንድ በ5 ሰዓት ውስጥ ታልቃለች፣ ሦስቱ 1.5 ሊትር ናቸው፣ የቀኑ ግብም ቢያንስ ይኸው ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይሞላ ይችላል፣ ግን በየቀኑ ወደዚያ እየቀረበ መሄድ አለበት።

ውሃው ላይ እንዲህ የማጠብቀው ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ ሰውን መልሰው ሆስፒታል ከሚያስተኙት ነገሮች አንዱ የውሃ እጥረት ስለሆነ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የባሕር ዳርን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ጥማት እስኪመጣ ከጠበቃችሁ በዚያች ጠባብ ጨጓራ አትደርሱበትም። ሽንታችሁ ከጠቆረ፣ ስትነሱ ካዞራችሁ ወደኋላ ቀርታችኋል ማለት ነው። አምቦ ውሃም ሆነ ለስላሳ አይነካም፣ ጋዙ ይነፋል፣ ያማልም።

2. እስከ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ፦ አጥሚት፣ ወተት፣ ቀጭን እርጎ

አሁን ፕሮቲን ይገባል። ሐኪሞች ለአብዛኛው ሰው በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ይላሉ። ሰውነት በፍጥነት ሲከሳ ፕሮቲን ካላገኘ ጡንቻውን ስለሚበላ፣ ቁስሉም ያለ ፕሮቲን ስለማይድን ነው። በፈሳሽ ብቻ 60 መድረስ ከባድ ነው፣ ስለዚህ እያንዳንዷን ስኒ ማጠንከር ያስፈልጋል።

የማጠንከሪያው አጥሚት፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ የአጃ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። መጀመሪያ በቀዝቃዛ የሚሆነው እንዳይጓጉል ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት ጨምሩበትና እያማሰላችሁ 10 ደቂቃ አብስሉት። ከእሳት ሲወርድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ወተት ጨምሩና በወንፊት አጥልሉት። አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፣ እያንዳንዱ ማንኪያ ዱቄት ወተትም 2 ግራም ገደማ ይጨምራል። ስኳር የለም፣ ማር የለም፣ ቅቤ የለም። እናት «ልጄ ሳሳብኝ» ብላ ቅቤ ጣል ልታደርግበት ትችላለችና ድስቱን ጠብቁ።

ወተት ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሆዳችሁን የሚያጮህና የሚያስቀምጣችሁ ከሆነ እርጎ ወይም የአኩሪ አተር ወተት ሞክሩ። ጥሬ ወተት አይሆንም፣ ይፈላ።

3. ሦስተኛና አራተኛ ሳምንት፦ የተፈጨ ምግብ

መለኪያው ቀላል ነው። ማንኪያውን ስታዘነብሉት ጓል የሌለበት፣ ምላስና ላንቃ መሃል ብቻውን የሚጠፋ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ የታና ሰው ዕድለኛ ነው። አሳ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይበስላል፣ ፕሮቲኑም ብዙ ነው፤ 50 ግራም የበሰለ አሳ ብቻ ከ10 ግራም በላይ ይሰጣል። ግን ሁሉም አሳ አይደለም። ቀረሶ ይሻላል፣ አጥንቱ በእጅ ተለቅሞ ያልቃል። ነጭ አሳ ቢጣፍጥም ሥጋው መሃል ቀጫጭን እሾህ ስለሚበዛበት ለዚህ ጊዜ እርሱት። አምባዛ እሾህ አያስቸግርም፣ ቅባቱ ግን ለጀማሪ ጨጓራ ይከብዳል፣ ቆይቶ ይደርሳል።

ሐይቁ ዳር ስትገዙ ፊሌቶ አስወጡት። በትንሽ ውሃ፣ በነጭ ሽንኩርትና በበሶብላ 10 ደቂቃ ያህል ቀቅሉት። ዘይት ውስጥ አይጠበስ። ከዚያ በንጹሕ ጣት እየዳበሳችሁ እሾህ ፈልጉ፣ ይህን ለሌላ ሰው አትተዉት። ከመረቁ ጋር ፍጩት። አዋዜ፣ ዳጣ፣ ሚጥሚጣ የለም፤ ያልዳነ ጨጓራ ላይ ማቃጠሉ ብቻውን ይበቃል።

ሌላው ጥሩ ነገር ነጭ ሽሮ ነው። በጣም ቀጭን አድርጋችሁ፣ ዘይቱን ጠብታ ብቻ አድርጋችሁ፣ ለረጅም ጊዜ አንተክትኩት። ሆድ ይነፋል፣ ስለዚህ በሁለት ሦስት ማንኪያ ጀምሩ። የተፈጨ ምስርና ክክ አልጫም ይሆናሉ። አይብ በትንሽ እርጎ አለስልሱት።

መጠኑ በአንድ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት የሾርባ ማንኪያ ነው። ቢጣፍጥም።

4. አምስተኛና ስድስተኛ ሳምንት፦ ለስላሳ ምግብ

በሹካ ጀርባ ሲጫኑት የሚፈርስ ነገር ሁሉ እዚህ ይገባል። ያልደረቀ እንቁላል ፍርፍር (አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ነው)፣ ያልተፈጨ ግን የተቀቀለ ቀረሶ፣ በደንብ የበሰለ የተፈጨ ሥጋ፣ የተቀቀለ ካሮትና ድንች፣ የበሰለ ፓፓያ። ጥብስ፣ ቋንጣ፣ ጅማት ያለው ሥጋ ገና ናቸው። ጥሬ ሥጋም ይቆይ።

አንድ ሕግ፦ በቀን አንድ አዲስ ምግብ ብቻ። እንቁላልም፣ ምስርም፣ ፓፓያም በአንድ ቀን ሞክራችሁ ማታ ካስመለሳችሁ ጥፋተኛውን በምን ታውቁታላችሁ?

5. እያንዳንዱ ማዕድ ላይ የሚሠራ ቅደም ተከተል

ይህን ከተፈጨው ምግብ ጀምራችሁ ልመዱት፣ ዕድሜ ልክ የሚቀጥል ነው።

መጀመሪያ ፕሮቲኑ ይበላል፣ ቀጥሎ አትክልቱ፣ መጨረሻ ላይ ቦታ ከተረፈ እንጀራው ወይም ዳቦው። ቦታው ትንሽ ስለሆነ ቀድሞ የገባ ያሸንፋል።

በማንኪያ ጫፍ ውሰዱ፣ ከ20 እስከ 30 ጊዜ አኝኩ፣ ማንኪያውን አስቀምጡ፣ ዋጡ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ ሌላ። አንድ ማዕድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፍጅ። ከዚያ በላይ ከጎተታችሁት ደግሞ ምግቡ እየወረደ እናንተም እየጨመራችሁ ሳታውቁት ብዙ ትበላላችሁ።

ስትበሉ አትጠጡ። ከበላችሁ በኋላም 30 ደቂቃ ጠብቁ። ውሃው ቦታ ይይዛል፣ ምግቡንም ገፍቶ ቶሎ ስለሚያወርደው ጥጋቡ አይቆይም።

የመጥገብ ምልክቱ ድሮ ከምታውቁት ይለያል። ከደረት አጥንት ሥር ጫና ይሰማችኋል፣ ስቅታ ይመጣል፣ አፍንጫ ውሃ ያፈሳል፣ ግሳት ይመጣል። አንዱ ሲመጣ እዚያው አቁሙ። «ይቺን ብቻ» ያላችኋት ጉርሻ ናት የምታስመልሰው።

6. እንጀራው

ደረስን። 6 ሳምንት አልፏል፣ እንቁላልና አሳ ያለ ችግር ይወርዳሉ፣ ሐኪማችሁም እሺ ብሏል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ጠብቁ።

እንጀራ ጤፍ ስለሆነ መጥፎ ሆኖ አይደለም የሚያስቸግረው። ዓይኑ ወጥና ምራቅ ይመጥጣል፣ ሲታኘክ ተመልሶ ሊጥ ይሆናል፣ ሊጡ ደግሞ ጠባቡ ቦታ ላይ ይጣበቃል። ትኩስ እንጀራ የባሰ ነው። ትኩስ ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታም በዚሁ መዝገብ ናቸው።

ስለዚህ፦

ሀ. ያደረ እንጀራ ውሰዱ። ከምጣድ የወረደውን ለቤተሰብ ተዉ።

ለ. የክብሪት ቀፎ የምታህል ቁራሽ ቁረጡና እሷን መልሳችሁ አራት ቦታ ቆራርጡ። የመጀመሪያው ቀን ድርሻ ይህ ብቻ ነው።

ሐ. መጀመሪያ አሳውን ወይም እንቁላሉን ብሉ። ከዚያ አንዷን ቁራጭ ከቀጭን አልጫ ጋር በማንኪያ ውሰዱ። በማንኪያ ያልኩት በምክንያት ነው፤ እጅ እንጀራ ሲይዝ የለመደውን ያህል ነው የሚጠቀልለው።

መ. አኝካችሁ ጨርሱና 5 ደቂቃ ጠብቁ። ምንም ካልተሰማችሁ ሁለተኛዋን። ጫና ከመጣ የዛሬው እንጀራ አልቋል፣ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ሞክሩ። ድርቆሽ ወይም በደንብ የተጠበሰ ደረቅ ዳቦ ሲታኘክ ስለሚደቅ አንዳንዱ ሰው በእሱ ይቀለዋል።

ፍትፍት ለስላሳ ስለሆነ ሰው በእሱ መጀመር ይወዳል። ይወርዳል፣ እውነት ነው። ግን ጨጓራውን በሽሮ በራሰ እንጀራ ሞልታችሁ ፕሮቲኑ ደጅ ይቀራል።

ቢቀረቀርስ? ተነሡ፣ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። በውሃ ልግፋው አትበሉ፣ ውሃው ከላይ ይጠራቀምና ሕመሙን ያብሰዋል። አረፋ አረፋ የሚል ምራቅ ከመጣ ትፉት። አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወርዳል ወይም ይወጣል። ሰዓታት አልፈውም ምራቅ እንኳ አልወርድ ካለ ሆስፒታል ነው።

7. ቫይታሚን

አትርሱ፣ አታቋርጡም። የምትበሉት ትንሽ ስለሆነና አንጀቱም እንደ ድሮው ስለማይመጥ፣ መልቲቫይታሚን (ብዙ ቫይታሚን በአንድ ላይ የያዘው)፣ ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ በሐኪም መጠን ዕድሜ ልክ ይወሰዳሉ። ብረትና ካልሲየም ቢያንስ በ2 ሰዓት ይራራቁ፣ አንዱ የሌላውን መግቢያ ይዘጋል። ብረት ከቡናና ከሻይ ጋርም አይሄድም፤ ክኒኑን ጠዋት ከወሰዳችሁ ቡናው ይቆይ። ፋርማሲ ስትሄዱ «ካልሲየም ሲትሬት» ብላችሁ ጠይቁ፣ ካርቦኔት የሚባለው በደንብ ለመመጠጥ የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል፣ የእናንተ አሲድ ደግሞ ቀንሷል። የደም ምርመራ በመጀመሪያው ዓመት 3ኛ፣ 6ኛና 12ኛ ወር ላይ፣ ከዚያ በየዓመቱ።

8. ግብዣ፣ ጾምና ቡና

ጉርሻን እምቢ ማለት ከባድ ነው። ምክንያቱን በርዝመት ለማስረዳት አትሞክሩ፣ ክርክር ይከፍታል። «እትዬ፣ ሐኪም ከልክሎኛል፣ ከጎረስኩ ያስመልሰኛል፣ እርስዎ ይጉረሱልኝ» ማለት ይበቃል። የማስመለስ ነገር ሲነሣ ማንም ደግሞ አይጋብዝም። ከመሄዳችሁ በፊት ፕሮቲናችሁን ቤት ብሉ።

ቡና በመጀመሪያው ወር ይቅር። ከዚያ ሐኪም ከፈቀደ የዘጌን ቡና በስኳር ሳይሆን እንዲያው አንድ ስኒ፣ ከምግብ ተራርቆ። ፈንዲሻና ቆሎ ግን እጅ ሳያስቡት የሚሄድባቸው ስለሆኑ ገፋ አድርጓቸው። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት አይነኩም፤ በኋላም ቢሆን ከድሮው በጣም በፍጥነትና በትንሹ ያሰክራሉ።

ጾምን በተመለከተ፣ እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ መቆየት በመጀመሪያዎቹ ወራት አደገኛ ነው። ሐኪማችሁን ጠይቃችሁ ለነፍስ አባታችሁ ንገሩ። ረመዳን የሚይዝም ሰው እንዲሁ ሐኪሙንና ሼኩን ያማክር። የጾም ምግብ መብላቱ በራሱ ችግር የለውም፤ ሽሮ፣ ምስርና የአኩሪ አተር ወተት አሉ፣ ግን ግራሙን ማስላት የግድ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

- ስፕሪስ። «ፍራፍሬ አይደል?» ይባላል። ጁስ ቤት ያለው ስፕሪስ ማንጎና አቮካዶ ከስኳር ጋር ነው፣ ጨጓራው ሳያስቆመው ሸርተት ብሎ ያልፋል። በተለይ ባይፓስ ያለው ሰው ጣፋጭ ከጠጣ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ ያልበዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስቀምጠዋል። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ ደግሞ ስኳሩ ወርዶ የሚያንቀጠቅጠው አለ። በማር የተበጠበጠ በሶም ከዚሁ ነው።
- ስላልራበኝ ልለፈው ማለት። በመጀመሪያዎቹ ወራት ረሃብ ላይሰማ ይችላል። በሰዓት ብሉ፣ ስልካችሁ ላይ ደወል ሙሉ።
- ሚዛኑ ሲቆም ምግብ መቀነስ። በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ክብደት ለጥቂት ቀናት ቆሞ መቆየቱ የተለመደ ነው። ፕሮቲንና ውሃ እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም።
- ለራስ ምታት ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከሱቅ መዋጥ። ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ባይፓስ ላይ በተለይ። ፓራሲታሞል ይሻላል።
- የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒትን በድሮው መጠን መቀጠል፣ ወይም በራስ ፈቃድ ማቆም። ሁለቱም አይሆንም። መጠኑ ቶሎ ሊቀንስ ስለሚችል እየለካችሁ ለሐኪም ደውሉ።
- ማርገዝ። ሐኪሞች ከ12 እስከ 18 ወር ጠብቁ ይላሉ። የሚዋጥ መከላከያ ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ ላያስተማምን ስለሚችል ሌላ ዘዴ ጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሳይነጋ የሚኬድባቸው ነገሮች

ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ተቀምጣችሁም በደቂቃ ከ120 በላይ የሚመታ ልብ፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ ግራ ትከሻ ላይ የሚሰማ ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር ማበጥና ሕመም፣ ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ማስመለስ፣ ለአንድ ቀን ውሃ እንኳ አለመርጋት። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ስፌቱ ማፍሰሱን ሊያሳዩ ይችላሉ፣ በፌጦ ወይም በዳማከሴ የሚታከሙ አይደሉም። ባሕር ዳር ውስጥ ከሆናችሁ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ማታ ከሆነ ከሚያደርሳችሁ ሰው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ስትደርሱ የኦፕራሲዮኑን ወረቀት ፎቶ አሳዩ። ምን ዓይነት እንደተሠራ ካላወቁ ቱቦ በአፍንጫ ለማስገባት ሲሞክሩ ስፌቱን ሊጎዱት ይችላሉ። ለቀናት ሲያስመልሳችሁ ቆይቶ ከሆነ ደግሞ ይህን ቃል በቃል ንገሯቸው፦ «ለቀናት ሲያስመልሰኝ ነበር፣ ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ቫይታሚን ቢ1 ይሰጠኝ»። ብዙ ማስመለስ ቢ1ን ያሟጥጣል፣ ባለቀበት ሰዓት ግሉኮስ ብቻውን ከገባ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ዓይን ብዥ ማለት፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ ግራ መጋባት ከተጨመረ አብሯችሁ ያለው ሰው እንዲናገርላችሁ አስቀድማችሁ አስጠኑት።